ሰዓቱ ስንት ላይ ቆመ?

ሆለታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጽጌረዳ እርሻ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በፓክሃውሱ (አበባው ተመርጦ በሚታሸግበት አዳራሽ) በር አጠገብ፣ ከእጅ መታጠቢያው ከፍ ብሎ፣ በየማለዳው አንድ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። በወረቀቱ ላይ የጽጌረዳው ዝርያ፣ የዘንጉ ርዝመት፣ የተሸጠው ብዛትና በመጨረሻው ዓምድ ዋጋው በዩሮ ሳንቲም ይሰፍራል። ከሆላንድ ከቀትር በኋላ የሚደርሰንን ዝርዝር አትሜ በማግስቱ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ገና ወረቀቱን ከእጄ ሳልለቅ ቆራጮቹና ግሬዲንግ (አበባውን በርዝመትና በጥራት መለየት) ላይ የሚሠሩት ሴቶች ይከቡኛል። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ በግሬዲንግ ሥራ የፓክሃውሱ አንጋፋ የነበሩት ሴት ግን ጥቃቅኑን ጽሑፍ ለማንበብ ዓይናቸው ስለማያግዛቸው ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ እኔን ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ልጄ፣ ትናንት ሰዓቱ ስንት ላይ ቆመ?»

የእሳቸው ደመወዝ በዚያ ቁጥር አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ቢሆንም ቁጥሩን ሳይሰሙ ሥራ አይጀምሩም ነበር። «ስድሳ ሴንቲ ሜትሩ ሃያ ስምንት ላይ ቆሟል እትዬ፣ አርባው ግን አሥራ አምስት» ስላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ወደ ልጃገረዶቹ ዞረው፣ ዘንጉን እንዴት እንደሚለኩ፣ የታጠፈ አንገት ያለውን እንዴት እንደሚለዩ፣ ቅጠሉን እስከ የት እንደሚያራግፉ ሌላ ጊዜ ከሚናገሩት በበለጠ ጥንቃቄ ይናገራሉ። ሃያ ሴንቲ ሜትር የዘንግ ርዝመት ዋጋውን እጥፍ ሊያደርስ እንደሚችል ከማንም ሥልጠና በፊት ያስተማራቸው ያ ወረቀት ነው። ዛሬ ኑሮዬ ሆላንድ፣ ሥራዬም ያ ቁጥር ይወጣበት በነበረው ስፍራ ከሆነ በኋላ፣ ስለ አውሮፓ ገበያ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እትዬ «ሰዓት» የሚሉት ጊዜ የሚቆጥረውን አይደለም። በአምስተርዳም አቅራቢያ በምትገኘው በአልስሜር ከተማ፣ በአበባ ጨረታ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን ከ1 እስከ 100 የተቆጠረበት ክብ ሰሌዳ ነው። እኛ ሐራጅ ስንል የምናውቀው ዋጋው ከታች ተነሥቶ ተጫራቾች እየተበላለጡ ወደ ላይ የሚገፉትን ሽያጭ ነው፤ የሆላንዱ ግን አካሄዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋጋው ከላይ ይነሣና መብራቱ በሰሌዳው ዙሪያ እየሮጠ ሳንቲም በሳንቲም ይወርዳል፤ ቁልፉን ቀድሞ የተጫነ ገዢ መብራቱ በቆመበት ዋጋ አበባውን ይወስዳል። «ጨምር፣ ቀንስ» መባባል የለም፤ ተመልሶ መከራከር የለም። የቸኮለ ከሚገባው በላይ ይከፍላል፤ የዘገየ ደግሞ ሌላው ወስዶበት ባዶ እጁን ይቀራል። አንድ ሽያጭ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው፤ ገበሬው ግን ለዚያች ቅጽበት ወራት ለፍቷል።

ይህ አሠራር የተወለደው ከአበባ ሳይሆን ከጎመን ነው። በ1887 በሰሜን ሆላንድ ብሩክ ኦፕ ላንግዳይክ በምትባል መንደር፣ ገበሬዎች ምርታቸውን በጀልባ በቦይ ላይ እያጓጓዙ ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ አንድ ቀን አበባ ጎመን የጫነች ጀልባ ላይ ብዙ ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ሲረባረቡባት ዋጋውን ከላይ ወደ ታች እየጠሩ መሸጥ ተጀመረ ይባላል። መንደሯ ዛሬም ድረስ ያንን የጨረታ ቤት በሙዚየምነት ጠብቃ ይዛለች፤ ጀልባዎቹ በውኃው ላይ እየተንሳፈፉ በአዳራሹ መካከል ያልፉ የነበረበት ቦይ እንዳለ ነው። ጎብኝቼዋለሁ። በገዢዎቹ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ከረጢት ፖም ስጫረት፣ እጄ ቁልፉ ላይ ሆኖ ልቤ የመታበት ሁኔታ በእውነተኛው ገበያ ላይ ከሚመታው ብዙም የተለየ አልነበረም።

አልስሜርም ከአበባ በፊት በእንጆሪ የምትታወቅ የገበሬ መንደር ነበረች። አበባ ማብቀል ሲስፋፋ ግን አብቃዮቹ በየቤታቸው ደጃፍ በሚመጣው ነጋዴ እጅ ወደቁ፤ ነጋዴው የከተማውን ዋጋ ያውቃል፣ ገበሬው አያውቅም፤ ነጋዴው ነገ ሊመለስ ይችላል፣ የተቆረጠ አበባ ግን ነገን አይጠብቅም። በ1911 መጨረሻ አብቃዮቹ በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የራሳቸውን ጨረታ ለማቋቋም ተስማሙ፤ በ1912 ደግሞ በዚያችው ከተማ ሁለተኛ ጨረታ ተቋቋመ። ሁለቱ በ1968 ተዋሐዱ፣ በ1972 ዛሬ ያለው ግዙፍ ሕንፃ ተከፈተ፣ በ2008 ደግሞ ከናልድዋይክና ከራይንስበርግ ጨረታዎች ጋር አንድ ሆነው ዛሬ ሮያል ፍሎራሆላንድ ተብሎ የሚጠራው ኅብረት ሥራ ማኅበር ተፈጠረ። የአልስሜሩ ሕንፃ ከ500 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ መሬት ይሸፍናል፤ በማኅበሩ በኩል በዓመት በቢሊዮኖች የሚቆጠር አበባና ተክል ይሸጣል፣ ዓመታዊ ሽያጩም 5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች እኔን የሚገርመኝ ግን ባለቤትነቱ ነው። ያ ሁሉ ሕንፃ፣ ያ ሁሉ ጋሪ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የአብቃዮቹ ነው፤ ከእኛም ከኬንያም የሄዱ እርሻዎች በአባልነት ይገኙበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለውን ተረት እነዚህ ሰዎች በሲሚንቶና በብረት ሠርተው አቁመውታል ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ጽጌረዳ እዚያ እንዴት እንደሚደርስ ጥቂት ልበል። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ በዚህም የተነሣ እንቡጡ ትልቅ፣ ዘንጉም ረጅም ይሆናል። ዝዋይ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች እዚያ የሚበቅለው ቶሎ የሚደርስ፣ እንቡጡ አነስ ያለ፣ ግን በብዛት የሚቆረጥ ነው። ጠዋት የተቆረጠው አበባ በውኃ ባልዲ ሆኖ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፤ ተለክቶ፣ ተመርጦ፣ ሃያ ሃያ እየሆነ ታስሮ፣ በካርቶን ታሽጎ ማታ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይወርዳል። የጭነት አውሮፕላኑ ቤልጂየም ሊዬዥ ያርፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ወደ አልስሜር ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አልስሜር ሲደርስ ካርቶኑ ተከፍቶ ዘንጉ ከሥር ትንሽ ይቆረጥና ውኃ ውስጥ ይገባል፣ የማኅበሩ ጥራት መርማሪዎች ያዩታል፣ በጋሪ ላይ ይደረደራል፣ ከዚያም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጨረታው ይጀመራል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ካርቶኑ አንዴ ፀሐይ ላይ ቢቆም፣ ማቀዝቀዣው አንዴ ቢጠፋ፣ ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ቦትሪቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ በእንቡጡ ቅጠል ላይ እንደ ዝገት ነጠብጣብ ሲወጣ ነው።

ይህን ነጠብጣብ በተመለከተ ከልቤ ያልወጣ አንድ ታሪክ አለኝ። እርሻችን ከጨረታው ውጪ በቀጥታ ከሚሸጥላቸው ጅምላ ነጋዴዎች አንዱ፣ አበባውን ከተቀበለ ከአምስት ቀን በኋላ ሦስት ፎቶግራፎች ላከልን። በፎቶዎቹ ላይ ሻጋታ የያዛቸው ጥቂት ጽጌረዳዎች ይታያሉ። የእኛ ይሁኑ የሌላ፣ ሲደርሱ እንዲያ ነበሩ ወይስ እሱ መጋዘን ውስጥ ተበላሹ፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ክፍያው ሲመጣ ከሦስት እጅ አንዱ ተቀንሶ ነበር፤ እሱም የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስልክ ደወልኩ፣ በትሕትናም በቁጣም ተናገርኩ፤ መልሱ «ከፈለጋችሁ ለሌላ ሽጡ» የሚል ነበር። በዚያው ሳምንት በጨረታው የተሸጠው ሌላው አበባችን ግን በመርማሪ ታይቶ፣ የጥራት ደረጃው ሁሉም ገዢ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ተሸጦ፣ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ገብቶልን ነበር። ገዢው ለማኅበሩ ዋስትና አስይዞ ስለሚገዛና ማኅበሩ ገንዘቡን ራሱ ሰብስቦ ለአብቃዩ ስለሚከፍል፣ ሆለታ ያለ ገበሬ ስሙን እንኳ የማያውቀው የጀርመን ወይም የፖላንድ ነጋዴ ይክደኛል ብሎ አይሰጋም። ብዙ ሰው የሚደነቀው በሰዓቱ ፍጥነት ነው፤ እኔ ግን ከዚያች ወር ጀምሮ ከሰዓቱ ይልቅ ከሰዓቱ በስተጀርባ ያለውን የሒሳብ ክፍል ማክበር ጀመርኩ።

ለትምህርት ወደ ሆላንድ መጥቼ፣ ትምህርቴን ስጨርስ አልስሜር ውስጥ በአንድ ላኪ ጅምላ ድርጅት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ከአንድ አንጋፋ ገዢ ጎን ተቀምጦ ማየት ብቻ ነበር። አዳራሹ እንደ ስታዲየም መደዳ መቀመጫ አለው፤ በየመቀመጫው ቁልፍና ማይክሮፎን አለ። ሰውየው ቡናውን በግራ እጁ ይዞ ቀኝ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። በሰሌዳው ላይ የአብቃዩ ስም፣ የዝርያው ስም፣ ርዝመቱ፣ ብዛቱ፣ የጥራት ደረጃው ይታያል፤ መብራቱ ይሮጣል፤ እሱም ይጫንና የሚፈልገውን ብዛት በአንድ ቃል ይናገራል፤ ቀሪው ደግሞ ወዲያው ለሌሎች ይዞራል። አንድ ጠዋት የድሮ እርሻዬ ስም ሰሌዳው ላይ ወጣ። ስድሳ ሴንቲ ሜትር፣ ቀይ። መብራቱ ሲወርድ ሆዴ አብሮት ወረደ። ሰውየው ተጫነ። ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። «ይህን እርሻ ታውቀዋለህ?» አልኩት፤ «ገበሬውን አላውቀውም፤ ዘንጎቹ ግን ሁልጊዜ የተባለውን ያህል ርዝመት አላቸው፣ ስለዚህ ለስሙ ሁለት ሳንቲም እጨምራለሁ» አለኝ። ያን ዕለት ማታ ደውዬ ለእትዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እነዚያን ሁለት ሳንቲሞች እኮ እኛ ነን የለካናቸው» አሉኝ።

ሰዓቱን ብቻ ማሞገስ ግን ሐቀኝነት አይሆንም፤ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ አይቻለሁና። መጋቢት 13 ቀን 2020 ዓርብ ነበር። የሴቶች ቀን ካለፈ አምስት ቀን፣ ለእንግሊዝ የእናቶች በዓል ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ስለነበር ቀዝቃዛ ክፍሎቹ ሁሉ ሞልተው ነበር። በኮሮና የተነሣ በየአገሩ ሱቅና ምግብ ቤት እየተዘጋ፣ ድንበር እየጠበቀ፣ የአበባ መሸጫዎች ትዕዛዛቸውን እየሰረዙ ነበር። ያን ጠዋት መብራቱ ከላይ ተነሥቶ ሲወርድ የሚጫን አልነበረም። እያንዳንዱ ምርት ከዚያ በታች የማይሸጥበት ዝቅተኛ ዋጋ አለው፤ መብራቱ ያንን ካለፈ አበባው አይሸጥም፣ ይጣላል። ሆላንዶች ይህን «ዶርድራየን» ይሉታል፤ ሰዓቱ ሳይቆም ዞሮ አለፈ እንደማለት ነው። ቃሉን ከዚያ በፊት የምሰማው አልፎ አልፎ ነበር፤ በዚያን ሰሞን ግን በየደቂቃው ተባለ። በጋሪ የተደረደረ ጽጌረዳ፣ ጀርቤራ፣ ቱሊፕ ከነባልዲው እየተገለበጠ በቆሻሻ መሰብሰቢያ ውስጥ እንደ ኮረብታ ተከመረ፣ በላዩም ማሽን ሄደበት። የገለባበጡት ሠራተኞች አንዳቸውም አይናገሩም ነበር። ክምሩ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት የካርቶን ቁራጭ አይቼ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ የሚገባውን የአበባ መጠን ገደበ፤ የኔዘርላንድ መንግሥትም ለአገሩ አብቃዮች የድጎማ ገንዘብ መደበ። ያ ድጎማ የሆለታን ግሪንሃውስ አይመለከትም ነበር። የእኔ የቀድሞ እርሻ አበባውን እየቆረጠ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር ነበረበት፤ ጽጌረዳ ካልቆረጡት ተክሉ ይበላሻልና፣ ለመጣል ሲባል እንኳ ሠራተኛ ያስፈልጋል።

ምናልባት ያ ጊዜ አስደንግጧቸው ይሆናል፣ ምናልባትም ነገሩ ቀደም ብሎ የጀመረ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ አብቃዮች ከሰዓቱ እየሸሹ ነው። ዛሬ በማኅበሩ በኩል ከሚያልፈው ሽያጭ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰዓቱ ሳይሆን በቀጥታ ስምምነት የሚካሄድ ነው። የጀርመንና የእንግሊዝ ሱፐርማርኬቶች ለወራት የሚጸና ዋጋና ብዛት ይዋዋላሉ፤ ገበሬውም የነገ ገቢውን ዛሬ ያውቃል። የጨረታ አዳራሹም ተለውጧል። ጋሪዎቹ ዛሬ በሰሌዳው ፊት አያልፉም፤ በምትካቸው ፎቶግራፋቸው ይታያል። ገዢዎቹም ከየቢሮአቸው፣ ከየቤታቸው በኮምፒውተር ነው የሚጫኑት። ያ መደዳ መቀመጫ አብዛኛው ባዶ ነው። የእኔም አውራ ጣት ዛሬ የሚያርፈው በቢሮዬ ባለ ኪቦርድ ላይ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጦ ያስተምረኝ የነበረው ሰውም ጡረታ ወጥቷል።

ይህን ለውጥ በክፉ ብቻ ላየው አልችልም። ሳይሸጥ የተጣለውን አበባ ያየ ሰው፣ ገበሬ የታወቀ ዋጋ መፈለጉን ሊነቅፍ አይገባውም። በሆላንድ የከብት ገበያዎች ሻጭና ገዢ ዋጋ እየጠሩ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ይደራደሩ ነበር፤ የመጨረሻው ምት ሲያርፍና እጅ ለእጅ ሲያያዙ ውሉ ጸና ማለት ነው። በአልክማር የአይብ ገበያ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው መስማማታቸው የቆየና የተከበረ ነገር ነው። ግን በከብት ገበያው መዳፍ ሲመታ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማል። በሱፐርማርኬት ውል ላይ ግን ከሁለቱ በቀር የሚሰማ የለም፤ እንዲያውም ዋጋውን ለሦስተኛ ወገን መግለጽ ብዙ ጊዜ በውሉ የተከለከለ ነው። ሻጩ ደግሞ የሚያውቀው የራሱን ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ገዢው ግን የኬንያውንም፣ የኢትዮጵያውንም፣ የኮሎምቢያውንም ዋጋ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያያል። በ1911 አልስሜር ላይ ያ ነጋዴ በገበሬው ደጃፍ ቆሞ የነበረው በዚሁ ብልጫ ነበር።

ሌላም አለ። በቀጥታ የሚዋዋሉት ሰዎች ዋጋቸውን ከየት ያመጡታል ብዬ ድርጅታችን ውስጥ ስከታተል፣ ሁሉም መነሻ የሚያደርጉት የሰዓቱን ዋጋ ነው። «ባለፉት አራት ሳምንታት ሰዓቱ በአማካይ ይህን ያህል ላይ ቆሟል፤ እኛ ከዚያ ትንሽ ቀነስ አድርገን ዓመቱን ሙሉ እንወስዳለን» ነው ንግግሩ። ማለትም ሰዓቱ ለሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን ለማይሸጥበትም አበባ ሚዛን ሆኖ ያገለግላል። በሚዛኑ ላይ የሚወጣው አበባ እያነሰ ሲሄድ ግን፣ ሚዛኑ የሚያሳየው የገበያውን እውነት ሳይሆን የተረፈውን፣ ያልተዋዋለውን፣ የመጨረሻውን አበባ ዋጋ ይሆናል። ያም ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። ያ ዝቅ ያለ ዋጋ ደግሞ ተመልሶ የውሉ መነሻ ይሆናል። ይህን አካሄድ ለአለቆቼ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ ሐሳቡን አልተቃወሙትም፣ ግን የገዢ ድርጅት ለሻጭ የሚበጅ ሚዛን ይቆይ ብሎ ገንዘብ አያወጣም። የሚያወጣው ቢኖር የአብቃዮቹ ማኅበር ነው፤ እሱም በአባላቱ ውሳኔ ነው የሚኖረውና፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ አባላት በስብሰባው ላይ ድምፃቸውን ለዚህ ጉዳይ ቢያውሉት ደስ ይለኛል።

ለእኛ እርሻዎች ይህ ነገር የሚከብድበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። አውሮፓ ድረስ አበባ ያደረሰን የአየር ጠባያችን ብቻ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው፣ በማደግ ላይ ላሉ እጅግ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ዕቃ ያለ ቀረጥ በሚፈቅደው የአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት ስለምትጠቀም ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ2014 መጨረሻ አይተናል፤ የኬንያ የንግድ ስምምነት ባለመጽደቁ ለሦስት ወር ያህል በአበባዋ ላይ እስከ 8.5 በመቶ ቀረጥ ተጥሎባት ነበር፣ የእኛ ግን እንደ ወትሮው ያለ ቀረጥ ገባ። አሁን ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በጽጌረዳ ውስጥ ተደብቃ የምትገባ አንዲት የእሳት ራት ዝርያን ለመከላከል ኅብረቱ ጥብቅ ደንብ አውጥቷል፤ እርሻው ከግሪንሃውስ እስከ ካርቶን ድረስ ምን እንዳደረገ መመዝገብና ማስመስከር አለበት። ደንቡ ተገቢ ነው እላለሁ፣ የሰው አገር ተክል መጠበቅ አለበትና። ግን ለመረብ፣ ለወጥመድ፣ ለመርማሪ የሚወጣው ወጪ በዘንግ ላይ ሲጨመር፣ የዘንጉ ዋጋ የት እንዳለ የማያውቅ ገበሬ ያን ወጪ ከማን ላይ ይጠይቅ? የሚቀንሰው ቅርቡ ያለውን ነው፤ ቅርቡ ያለው ደግሞ የሠራተኛው ደመወዝ ነው።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ የድሮ እርሻዬን ጎበኘሁ። ግሪንሃውሶቹ ጨምረዋል፤ ፓክሃውሱ አዲስ ወለል፣ አዲስ መብራት፣ ለሠራተኞቹም ጥሩ የምግብ አዳራሽ አለው። አብዛኛው ምርት በቀጥታ ለሱፐርማርኬት እንደሚሄድ ሥራ አስኪያጁ በኩራት ነገረኝ፤ ኩራቱም ይገባዋል፣ በዚያ ውል የተነሣ ከኮሮናው ዘመን ወዲህ አንድም ሠራተኛ አልቀነሱም። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለውን ግድግዳ ሳየው ግን ወረቀቱ የለም። የድሮው ማጣበቂያ ቴፕ ጥጉ ላይ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። «ዋጋው በውል የታሰረ ስለሆነ መለጠፍ አንችልም፤ ለነገሩ በየቀኑ የሚለወጥ ነገርም የለም» አለኝ።

እትዬ አሁንም ግሬዲንግ ላይ ናቸው፤ መነጽር ገዝተዋል። አቅፈው ሳሙኝ፣ ልጆቼን ጠየቁኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ከሥራ ሳያነሡ በዓይናቸው ወደ ባልዲው ጠቆሙኝ። ቀይ፣ ሰባ ሴንቲ ሜትር፣ እንቡጡ የቡና ስኒ የሚያህል ነበር።

«ይህ አንተ ዘንድ ነው የሚሄደው አይደል?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ይህ በቀጥታ ወደ ጀርመን ነው።»

«እሱስ ይሂድ። ስንት ላይ ቆመ ታዲያ?»

አላውቅም አልኳቸው። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ለጥቂት ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያም ቀጣዩን ዘንግ አንሥተው መለኪያው ላይ አስተኙት።